ዳዊት ከመድገም እስከ ሦስተኛ ክፍል፤ የዋግ ወላጅና የልጁ ትምህርት

ስለ ዋግ ታሪክ ብዕሩን የሚያነሣ ጸሓፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሳፍንቱ ነው። የዛጉዬ ነገሥታት ዘር በዋግ መቅረቱን፣ ዋግሹም የተባለውም ማዕርግ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መኖሩን፣ ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው መንገሣቸውንና በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ድል መሆናቸውን ይተርካል። ይህ ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ ተጽፏልም። ነገር ግን በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ከነገሥታቱ ታሪክ ጎን ሌላ ታሪክ ሲሠራ ኖሯል። እርሱም ወላጅ ልጁን ከፍየሎቹ ኋላ ጠርቶ፣ ፊደል ለይቶ ማንበብ እስኪችል ድረስ የደከመው ድካም ነው። ይህን ታሪክ የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ስለ ነበሩ በብራና ላይ አላኖሩትም፤ ስለዚህም የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ቀርቷል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ያልተማረ ወላጅ የሚማር ልጁን በምን ሊረዳው ይችላል? ዛሬ ይህን ስንጠይቅ ሐሳባችን የሚያርፈው በሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እንገልጻለን። ጥያቄው ግን አሮጌ ነው፤ ዋግም ከብዙ ዘመን በፊት የራሷን መልስ ሰጥታበት ነበር።

በጥንቱ ሥርዐት ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወይም ከዚያም በፊት አባቱ እጁን ይዞ ወደ ደብሩ ይወስደውና ለየኔታ ያስረክበዋል። ትምህርቱ ሦስት ደረጃ ነበረው። ፊተኛው ፊደል ነው፤ ሀሁንና አቡጊዳን በገበታ ላይ በስንደዶ እየጠቆሙ መቊጠር። ሁለተኛው ንባብ ነው፤ ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ ግዕዙን፣ ውርዱን፣ ቁሙን እያፈራረቁ ፊደልን ከፊደል፣ ቃልን ከቃል ማጋጠም። ሦስተኛው ዳዊት ነው። ልጁ መቶ አምሳውን መዝሙር ሳይሰናከል ባነበበ ጊዜ ‹‹ዳዊት ደገመ›› ይባልለታል። እናቱ ጠላ ትጠምቃለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ አባቱም ለየኔታ እንደ ዐቅሙ ስጦታ ያቀርባል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል። ይህ ሁሉ እንደ ልጁ ብርታትና እንደ የኔታ ትጋት ሁለት ዓመትም ሦስት ዓመትም፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይወስድ ነበር።

ክቡር አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ስለ ድምፅ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ለጀማሪ ልጅ በልብ ማንበብ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ልጅ የሚማረው ጮኾ ነው፤ የሚታረመውም ጮኾ ነው፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስም የዕለቱን ትምህርት በምድጃው አጠገብ ጮኾ ይደግማል። እናቲቱ አንዲት ፊደል አታውቅም። ሆኖም ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን፣ በተዝካርና በቀብር ላይ የዳዊትን ንባብ ስትሰማ ያደገች ናትና፣ ዓይኗ ባይማርም ጆሮዋ ተምሯል። እንጀራዋን እየጋገረች ታደምጣለች፤ ልጁ ትናንት ከቆመበት ዛሬ ማለፉን፣ ወይም በአንዱ ስፍራ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ መንተባተቡን ትለያለች። የተሰናከለበትን ቃል ልትነግረው አትችልም፤ መሰናከሉን ግን ታውቃለች። በማግሥቱም የኔታን ‹‹ልጄ ምነው እዚያው ቆመብኝ?›› ብላ ለመጠየቅ የሚያግዳት የለም። ባልተማረች እናትና በሚማር ልጅ መካከል የተዘረጋው ድልድይ ይህ ነበር። ዋጋውም ጆሮን ከማዋስ በቀር ሌላ አልነበረም።

ይህን ስንል የጥንቱን ትምህርት እንከን የሌለው አድርገን ለማሳየት አይደለም። አለንጋው ነበረ። አብዛኛው የገበሬ ልጅ ከደብሩ ደጃፍ ሳይደርስ በእረኝነት አድጎ በእርሻ ያረጅ ነበር። ሴት ልጅማ ከመኳንንቱ ወይም ከካህናቱ ቤት ካልተወለደች በቀር ገበታውን የምታየው ከሩቅ ነው። ዳዊት የደገመውም ልጅ ያነበበውን ሁሉ ያስተውል ነበር ለማለት አይቻልም፤ ንባቡ ግዕዝ ነው፤ ትርጓሜው የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም በትምህርቱ ለገፉት ጥቂቶች ነበር።

ሆኖም በዚህ በግዕዝ ነገር ለዋግ ልጅ አንድ ስውር ጥቅም ነበረበት። በዋግ ኽምጣንጋ የሚናገር ቤተሰብ አለ፤ አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ አለ፤ ሁለቱንም በአንድ ገበያ የሚያፈራርቅ ደግሞ ብዙ ነው። በየኔታ ፊት ሲቀመጡ ግን የኽምጣንጋውም ልጅ የአማርኛውም ልጅ እኩል ነበሩ። ግዕዝ ለሁለቱም የእናት ቋንቋ አይደለምና አንዱ ተወልዶበት፣ ሌላው ባዕድ ሆኖበት የሚቀዳደሙበት ነገር አልነበረም። ይህ እኩልነት የተቋረጠው በኋላ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ነው።

የመንግሥት ቃል ስለ ትምህርት በቀጥታ ወደ ወላጅ መድረስ የጀመረው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ የወጣው አዋጅ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድም ሴትም ልጅ እንዲማር ያዝዛል፤ ልጁን ሳያስተምር የቀረ ወላጅም በሞተ ጊዜ ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን ያስጠነቅቃል። ትእዛዙ ከባድ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ገና አልተሠራም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ደግሞ የሳምንታት የእግር መንገድ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ወጣ፤ ባለመሬቱም በገጠሩ ሁሉ ለትምህርት ማስፋፊያ የሚሆን ግብር ይከፍል ጀመር። እዚህ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባል። በመላ አገሪቱ እጅግ ብዙ ገበሬ ልጁ ትምህርት ቤት ሳያይ የትምህርት ግብር ከፍሏል። ስለ ወላጆች ድጋፍ ሲወራ ገጠሬው ለትምህርት ግድ የለውም የሚል ሰው ቢገጥመን ይህን ደረሰኝ ልናስታውሰው ይገባል።

አዲሱ ትምህርት ቤት ወደ አውራጃዎቹ በደረሰ ጊዜ ልጁ ጥቁር ሰሌዳ፣ ደብተርና እርሳስ አገኘ፤ ሒሳብና መልክዐ ምድርም ተማረ። በዚህ መካከል ግን አንድ ነገር ሳይታወቅ ጠፋ፤ ይኸውም ድምፁ ነው። ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራው አጎንብሶ በዝምታ ነው። እናቱ የምታየው የልጁን ጀርባና የእርሳሱን መንቀሳቀስ ብቻ ሆነ። ይጽፋል፤ ነገር ግን ምን ይጽፋል? ያነባል፤ ግን በእርግጥ ያነባልን? ጆሮዋ ሥራ ፈታ፤ ዓይኗም አልተማረም። እንግዲህ ያልተማረ ወላጅ ከልጁ ትምህርት የራቀው በግዴለሽነት ብቻ ነው ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው፤ ትምህርቱ ራሱ ወደማይሰማበት ስፍራ ርቆበታል።

እርግጥ ነው፣ ድምፁ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። የከበደ ሚካኤል ‹‹ታሪክና ምሳሌ›› በየትምህርት ቤቱ በተሠራጨበት ዘመን ልጆች ቃል በቃል እያጠኑ በቤታቸው ይወጡት ነበር፤ ተረትና ምሳሌ ለገጠር ወላጅ እንግዳ አይደለምና አባት በጆሮው ተከታትሎ ይስቅበት፣ ይፈርድበትም ነበር። መጽሐፉ በአገሩ ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል፤ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ምድጃው አጠገብ ለመግባት የማያፍር መጽሐፍ ነበር።

ወላጅ በትምህርት ጉዳይ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ 1966 ዓ.ም. ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፉት ግን ጥቂቶች እንዲሆኑ የሚያመለክት ነበር። ሐሳቡ በይፋ በተነገረ ጊዜ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ሊከለከል ነው ብለው አጉረመረሙ፤ ነገሩም የዚያን ዘመን መንግሥት ካናጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የአገሪቱ ወላጅ ፊደል ባይቈጥርም የልጁ ዕድል የሚጠብበትን በር ለይቶ አወቀ።

አሁን ወደ ቋንቋው ነገር እንመለስ። ኽምጣንጋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከአዊው አገውኛ፣ ከቅማንትኛና ከብሌን ጋራ የአንድ እናት ልጅ ነው። አማርኛ ራሱ በአረፍተ ነገር አሠራሩም ሆነ በቃላቱ ከአገው ቋንቋዎች ብዙ እንደ ወሰደ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ሌዎ ራይኒሽ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ስለ ኽምጣንጋ ሰዋስው በቪየና ከተማ ያሳተመው በ1884 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1987 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ ዴቪድ አፕልያርድ በለንደን ሌላ ጥናት አወጣ። እንግዲህ የሰቆጣ እረኛ ፍየሎቹን የሚጠራበት ቋንቋ በቪየናና በለንደን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አገኘ፤ በዚያው በእረኛው ልጅ ትምህርት ቤት ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንዲት ገጽ አልነበረውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። ለአገሪቱ አንድነትና ለመምህራኑም ሥራ ታስቦ የተደረገ ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ከመማርም ለብዙው ሕፃን የተሻለ ነበር። ኽምጣንጋ ብቻ ሰምቶ ላደገው ልጅ ግን በየኔታ ዘመን የነበረው እኩልነት ተሻረ፤ አሁን በአጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው የመምህሩን ቃል በእናቱ ቋንቋ ሲሰማ እርሱ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ይማር ዘንድ ግድ ሆነበት። ዩኔስኮ በ1953 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው የሊቃውንት ጥናት ልጅን ለማስተማር የሚሻለው ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ ነው ብሎ ነበር፤ ቃሉ ወደ ዋግ ሸለቆዎች ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን ፈጀበት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደ ታላቅ ሥራ ሲሆን፣ ከዐሥራ አምስቱ መካከል ኽምጣንጋ አልነበረም። የኽምራው አባትና እናት ፊደል ለመቊጠር ቢነሡም በሌላ ሰው ቋንቋ መቊጠር ነበረባቸው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፈተ። ዋግ ኽምራም የብሔረሰብ አስተዳደር ሆኖ ከቆመ በኋላ ኽምጣንጋ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ ወደ መማሪያ ክፍል ገባ። አማርኛ የማያውቀው በአፍንጫ የሚነገረው የአገው ድምፅ ‹‹ጘ›› በተባለው ፊደል ስፍራ አገኘ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አንድ ሕፃን እናቱ የምታወጣው ድምፅ በገበታ ላይ ፊደል እንዳለው ሲያይ የሚሰማውን ስሜት መገመት አያዳግትም።

ይህም ሆኖ በዋግ ወላጆች ዘንድ ክርክሩ አላበቃም፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ልጄ በኽምጣንጋ ከተማረ በኋላ በአማርኛ ከሚጠየቅበት ከፍተኛ ክፍልና ከሥራ ደጃፍ ላይ ይወድቅብኛል ብሎ የሚሠጋ አባት አለ። ለዚህ ሥጋት ‹‹አትፍራ›› የሚል መልስ ብቻ በቂ አይደለም፤ አማርኛውም በጊዜውና በሚገባ ሊሰጠው ያስፈልጋል። የምንቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዳንድ ወላጅ ልጁን የረዳ መስሎት በቤቱ ውስጥ ኽምጣንጋን ትቶ በደንብ በማያውቀው አማርኛ ያናግረዋል። በዚህ ጊዜ ልጁ ከአባቱ የሚሰማው ጥቂት የጎደለ ቃል ነው፤ ‹‹ና››፣ ‹‹ሂድ››፣ ‹‹አምጣ›› ብቻ ይሆናል። ተረቱ፣ የዘር ቈጠራው፣ የፍየሉ ቀለምና የዛፉ ዓይነት ስም፣ የንብ አያያዙ ብልሃት፣ አባት በእርግጥ የሚያውቀው ሁሉ ሳይነገር ይቀራል። ሙሉ ቋንቋ የሰማ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ የሚያስቀምጥበት ስፍራ አለው። ስለዚህ አያቱ በኽምጣንጋ የምትነግረው ተረት የትምህርት ተቃራኒ ተደርጎ መታየት አይገባውም፤ የሦስተኛ ክፍሉን ምንባብ ለመረዳት የሚያበቃው አንዱ እርሱ ነው።

ስለ ሦስተኛ ክፍል የምንናገርበት ጊዜ አሁን ነው። የ1986ቱን ፖሊሲ ተከትሎ በመጣው አሠራር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትም ልጆች በየጊዜው እየተመዘኑና እየተረዱ ሳይወድቁ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተደረገ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ሕፃን በሰባት ዓመቱ ‹‹ወደቅህ›› ተብሎ ወደ እረኝነቱ እንዳይመለስ ነው። ምዘናውና ርዳታው በተጓደለበት ስፍራ ግን ማለፉ ብቻ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ግን አንደኛን ክፍል አልፈዋል። በየቤታቸውም ‹‹ልጃችን ጎበዝ ነው፤ በየዓመቱ ያልፋል›› ይባል እንደ ነበር አንጠራጠርም።

በየኔታ ዘመን ይህን የመሰለ ስሕተት ሊደርስ አይችልም ነበር። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ዳዊት ደገመ አይባልም፤ እናቱም ጠላ አትጠምቅለትም፤ መንደሩ ሁሉ በጆሮው ምስክር ነው። በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን ወላጅ የልጁን ችግር የሚያውቀው አራተኛ ክፍል ላይ፣ መጻሕፍቱ ከወፈሩና የአካባቢ ሳይንሱም ሒሳቡም በረጃጅም አረፍተ ነገር ከተጻፈ በኋላ፣ ልጁም ‹‹ትምህርት አልወድም›› ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ሦስተኛ ክፍል እንግዲህ ችግሩን በጊዜ ለማየት የሚቻልበት የመጨረሻው ዓመት ነው ለማለት ይቻላል።

በዋግ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይደረባል፤ ይኸውም የልጁ ዕድሜ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ዋግ ኽምራ 426,213 ነዋሪ ሲኖራት፣ ከመቶው 93 የሚሆነው በገጠር የሚኖር ነበር። በገጠር ቤት አምስት ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ከደጃፍ ሳይርቅ ግልገል ይጠብቃል፤ በዚህ የሚጠፋው ሰዓት ብዙ አይደለም። ዘጠኝ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ግን ፍየሎቹን ይዞ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ለመሰማራት ይበቃል፤ ጅብ ያባርራል፤ ውሃ ያጠጣል። ሴቷም ልጅ በዚሁ ዕድሜ እንስራ መሸከም ትጀምራለች፤ ባንዳንዱ ቤትም ስለ ጋብቻዋ ሹክሹክታ ይሰማል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ልጁን አጥብቆ የሚሻበት ዓመትና ቤቱ የልጁን ጉልበት አጥብቆ የሚሻበት ዓመት አንድ ይሆናሉ። አባት ልጁን ለአንድ ሳምንት ለመኸር፣ ለሁለት ቀን ለገበያ ያስቀረዋል፤ የቀረበትን ቀን የሚቈጥር ግን የለም። ችግሩን አንነቅፍበትም፤ መኸሩ ካልተሰበሰበ ልጁም አይበላም። ሆኖም ከጎረቤት ጋር ተፈራርቀው ፍየል የሚያስጠብቁ፣ የአንዱ ልጅ ጠዋት የሌላው ከሰዓት በኋላ እንዲማር በፈረቃ የሚመድቡ ቤተሰቦች በገጠራችን ሞልተዋል፤ ደቦን ለእርሻ ያወቀ ሕዝብ ለትምህርትም ማዋሉ አያስቸግረውም።

የዋግ ታሪክ ሲነገር ረኀቡን መዝለል አይቻልም። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ የሰቆጣንና የቆረምን ስም በዓለም ሁሉ አሰማ። በዚያ ዓመት ሦስተኛ ክፍል ሊሆኑ ይገባቸው የነበሩ ልጆች የት እንደ ወደቁ መጠየቅ ልብ የሚሰብር ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ ጉድለት ከመቀንጨር እንዲድኑ እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ የሚዘልቅ ቃል ኪዳን ገባ፤ ቃል ኪዳኑንም በሰቆጣ ስም ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ብሎ ጠራው። ይህ ቃል ኪዳን ስለ ጤና ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሦስተኛ ክፍልም የሚናገር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶ የሚሆኑት ከዕድሜያቸው ቁመት የጎደሉ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምግብ የጎደለው ሕፃን የሚጎድለው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት የሚሆነው የአእምሮው ብርታትም ይጎዳል። ስለዚህ አንዲት እናት ለጨቅላዋ ከገንፎው ላይ እንቁላል ስትጨምር፣ አባትም ዶሮዋ የጣለችውን ሁሉ ለገበያ ከመውሰድ ጥቂቱን ሲያስቀር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚከፈተውን የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ከወዲሁ እያዘጋጁለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ትናንት የሆነ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በሰቆጣ አንደኛ ክፍል የገባን አንድ ልጅ በሐሳብ እንከተለው። ገና ፊደሉን ሳያጠናቅቅ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሁለተኛ ክፍል የሚሆንበት 2013 ዓ.ም. ዘግይቶ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በክረምቱ ጦርነቱ ወደ ዋግ ዘለቀ፤ ሰቆጣም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ለወራት በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየች። ሦስተኛ ክፍል የሚጀምርበት መስከረም በዚህ መካከል አለፈ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም ወደ ሰቆጣ መጥተው በመጠለያ ውስጥ ተቀመጡ። እንግዲህ ይህ ልጅ በዕድሜው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በትምህርቱ ግን ከአንደኛ ክፍል ግማሽ ብዙ አልራቀም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የወላጁም አይደለም፤ የመምህሩም አይደለም።

በእንደዚህ ያለ ጊዜ ወላጅን ‹‹ለልጅህ መጽሐፍ ግዛለት፤ ጸጥ ያለ ክፍል አዘጋጅለት›› ብሎ መምከር ማላገጥ ነው። በሸራ ድንኳን ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል የለም። የጥንቷ የዋግ እናት ትሠራበት የነበረው መሣሪያ ግን አሁንም አለ፤ መንግሥት አልወሰደውም፤ ጦርነት አልዘረፈውም። ልጁ በየማታው አንድ ገጽ ጮኾ ያንብብ፤ የሚያደምጠው ሰው ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም። ልጁ ጣቱን በቃሉ ላይ እያስኬደ ካላነበበ፣ መጽሐፉን ሳያይ በቃሉ እያወጣው ሊሆን ይችላልና ‹‹ይህን ቃል ብቻውን አሳየኝ›› ይባል። አንብቦ ሲጨርስ ‹‹ምን አለ?›› ተብሎ በቤቱ ቋንቋ ይጠየቅ፤ በአማርኛ አንብቦ በኽምጣንጋ ቢመልስ ቃሉን ማስተዋሉን ያሳያል፤ ዝም ካለ ግን በፊደሉ ላይ ብቻ እንደተራመደ ይታወቃል። ሒሳቡም እንዲሁ ነው። ወደ ገበያ የወረደ አባት ‹‹ሦስት ፍየል ሸጥሁ፤ አንዱን በዚህ፣ ሁለቱን በዚህ ዋጋ፤ ስንት አመጣሁ?›› ብሎ ልጁን ቢጠይቀው መልሱን ራሱ በጣቱ ስለሚያውቀው ለማረም አይቸገርም። በዚህ ትምህርት ወላጁ መምህር ነው፤ የፍየል ዋጋ እርሱን የሚያስተው የለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ለወላጅ ከንባቡ ይልቅ የሚከብደውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በገጠር ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሲጠራ ነው፤ የሚጠራውም ለመዋጮ ወይም ልጁ ባጠፋ ጊዜ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አስተዳደር መመሪያ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ እንዲቋቋም አድርጓል፤ ኅብረቱም ድንጋይ በማቅረብ፣ አጥር በማጠር፣ ክፍል በመሥራት ብዙ ደክሟል። ሆኖም አንድ ያልተማረ አባት ብቻውን መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ‹‹ልጄ እዚህ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ቆመ፤ ምን ላድርግ?›› ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ያልተማረነቱ የሚጋለጥበት ይመስለዋል። የጥንቷ እናት የኔታን ስትጠይቅ ይህ ኀፍረት አልነበረባትም፤ የኔታም የመንደሩ ሰው፣ የእህሏ ተካፋይ ነበርና። መምህሩ በበኩሉ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ወላጁን ባገኘበት ስፍራ ስለ ልጁ ንባብ አንድ ነገር ቢያነሣ አባት የትምህርት ቤቱን ደጃፍ የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል።

በአንድ ማታ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እናስብ። እሳቱ ነዷል፤ ፍየሎቹ ገብተዋል። ልጅቷ የሦስተኛ ክፍል የኽምጣንጋ መጽሐፏን ገልጣ ስለ አንድ ዛፍ የተጻፈ ምንባብ ጮኻ ታነባለች። ሴት አያቷ እንዝርቷን ታሾራለች፤ እንደማታዳምጥም ትመስላለች። ልጅቷ የዛፉን ስም በደረሰች ጊዜ እንዝርቱ ይቆማል። ‹‹እንዲያ አይባልም›› ትላለች አያቲቱ፤ ‹‹እኛ ዘንድ ስሙ ሌላ ነው፤ ያኛው በሸለቆው ማዶ ያሉት ሰዎች የሚሉት ነው።›› ልጅቷ መጽሐፉን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግታ ደግማ ታየዋለች፤ ከዚያም እርሳሷን አንሥታ በዳሩ ላይ አያቷ የነገረቻትን ስም ፊደል በፊደል እየጠራች ትጽፋለች። አያቲቱም ‹‹አሁን አንብቢልኝ›› ትላታለች።